ወፍራሙ በግራ፣ ቀጭኑ በቀኝ፦ የስቴሪዮ ፓንን በኖታው ከፍታ ማዘዝ

በሶፍትዌር ሲንቴሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን ራሱ በሚፈጥር የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ከሚገኙት ማስተካከያዎች መካከል ብዙ አቀናባሪዎች ሳይነኩት የሚያልፉት አንድ አለ፤ እሱም እያንዳንዱ ኖታ እንደ ቅጥነቱና እንደ ውፍረቱ በግራና በቀኝ ስፒከር መካከል የራሱን ቦታ እንዲይዝ የሚያደርገው ነው። ወፍራሞቹ ኖታዎች ወደ አንዱ ጎን፣ ቀጫጭኖቹ ወደ ሌላው ጎን ሲያመሩ፣ የመካከለኞቹም መሐል ላይ ሲቆሙ፣ ዜማው ሲወጣና ሲወርድ ቦታም እየቀየረ ይሄዳል፤ ኮርድ ሲመታም ኖታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ከመደራረብ ይልቅ ተለያይተው ይሰማሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላንና በለገጣፎ ብዙ ቅንብር የሚሠራው በመኝታ ክፍል ጥግ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ በአንድ ኪቦርድና በአንድ ሄድፎን ነው። ብዙ መሣሪያ ለመግዛትም ሆነ ብዙ ተጫዋች ለመቅዳት አቅም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ያለውን አንድ ድምፅ በቦታ መዘርጋት መቻል ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ አሠራሩን ከሥሩ ማወቅ ይጠቅማል።

ፓን ራሱ የሚሠራው ቀላል ነው። አንድን ድምፅ ለሁለት ስፒከሮች ሲያካፍል ለአንዱ አብልጦ፣ ለሌላው አሳንሶ ይሰጣል፤ ጆሯችንም ልዩነቱን መዝኖ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይፈርዳል። ማኅሌት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ይህን የጆሮ ፍርድ በደንብ ያውቀዋል፤ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ የሚመሩት ሁለቱ ወገኖች ዜማውን ሲቀባበሉ፣ ቃሉ ገና ሳይለይ ተራው የየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቃል። የሰው ልጅ አቅጣጫን በሁለት መንገድ እንደሚለይ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናት አብራርቷል፦ በወፍራም ድምፅ ላይ ሞገዱ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት፣ በቀጭን ድምፅ ላይ ደግሞ ጭንቅላት በመጋረዱ የሚፈጠረውን የጉልበት ልዩነት እንጠቀማለን። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን የስቴሪዮን መሠረት የጣለበትን የፈጠራ መብት ማመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲያስገባ፣ በሁለት ስፒከሮች መካከል የሚደረግ የጉልበት ልዩነት ብቻውን ይህን የጆሮ ፍርድ ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይቷል። የዛሬው ፓን የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

በሚክሰሩ፣ ማለትም የየትራኩን ድምፅ መጠንና ቦታ በምናስተካክልበት ገጽ ላይ ያለው ፓን ግን አሁን የምንፈልገውን ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ድምፁ ሚክሰሩ ዘንድ ሲደርስ ኖታዎቹ ሁሉ ተቀላቅለው አንድ ሆነዋልና። ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ሲመታ የሚክሰሩ ፓን ሦስቱንም አንድ ላይ ይዞ ወደ አንድ ጎን ይወስዳቸዋል። የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች በቁጥር የሚግባቡበት የሚዲ ስምምነት ለፓን የመደበው 10 ቁጥር መቆጣጠሪያም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ከ0 እስከ 127 ባለው መጠን፣ 64 ላይ መሐሉን አድርጎ፣ የቻናሉን ድምፅ በሙሉ ያንቀሳቅሳል እንጂ ኖታን ከኖታ አይለይም። ኖታዎቹ ገና ሳይቀላቀሉ የሚገኙት በሲንቴሳይዘሩ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ እያንዳንዱ የተመታ ቁልፍ የራሱ ቮይስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ የድምፅ መንገድ አለው፤ ድምፁን የሚፈጥር የራሱ ኦሲሌተር፣ ድምፁን የሚያጣራ የራሱ ፊልተር፣ አነሣሡንና አጠፋፉን የሚቀርጽ የራሱ ኤንቨሎፕ፣ ሲንቴሳይዘሩ እንዲያ ተደርጎ ከተሠራ ደግሞ የራሱ ፓን። ስለዚህ ሲንቴሳይዘር ስንመርጥ መጠየቅ ያለብን ፓን አለው ወይ ብለን ሳይሆን፣ ፓኑ ለየቮይሱ ነው ወይስ ከመቀላቀል በኋላ የመጣ ነው ብለን ነው።

ማዘዣው የኖታው ቁጥር ነው። ሚዲ እያንዳንዱን ቁልፍ ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይጠራዋል፤ መካከለኛው ዶ 60 ነው፣ ለመቃኛ የሚያገለግለው የ440 ሄርዝ ላ ደግሞ 69። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ኦክታቩ ካልተዘዋወረ፣ ከ36 እስከ 96 ይዘልቃል፤ ባለ 88 ቁልፉ ከ21 እስከ 108። በሞዱሌሽን ማትሪክሱ፣ ማለትም የትኛው ምንጭ የትኛውን ማስተካከያ እንደሚያዝ በሚወሰንበት ሠንጠረዥ ላይ፣ ከምንጮቹ ዝርዝር «ኖት» ወይም «ኪ ትራክ» የሚለው ይመረጥና መድረሻው ፓን ይደረጋል፤ በመካከላቸው ያለው መጠን ደግሞ ኖታው ምን ያህል እንደሚርቅ ይወስናል። ሒሳቡም ይኸው ነው፦ ከኖታው ቁጥር ላይ መሐል እንዲሆን የመረጥነውን ኖታ ቁጥር እንቀንሳለን፣ ልዩነቱን ለአንድ ግማሽ ድምፅ (ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ላለው ርቀት) በመደብነው እርምጃ እናባዛለን፤ ውጤቱ አሉታዊ ከሆነ ድምፁ ወደ ግራ፣ አዎንታዊ ከሆነ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚሳተው መሐሉን በመወሰን ላይ ነው። አንዳንድ ሲንቴሳይዘር የኖታውን ቁጥር የሚያቀርበው ከዜሮ ወደ ላይ ብቻ በሚሄድ መልክ ነው። ፓኑን መሐል ላይ ትተን፣ 127ኛው ኖታ ቀኝ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ መጠኑን ብንከፍተው፣ መካከለኛው ዶ 47 በመቶ ወደ ቀኝ ይቆማል፤ የኪቦርዱ ወፍራም ጫፍ የሆነው 36 እንኳ 28 በመቶ ወደ ቀኝ ይሆናል፤ ግራው ባዶውን ይቀራል። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሚሠራ አንድ ወጣት አቀናባሪ ክፍል ይህንኑ አይቻለሁ። አንደኛው ስፒከር ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለተኛው ቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ነበር፤ የትዝታው አጃቢ ኮርድ ሁሉ ወደ ቁም ሣጥኑ ስላዘነበለ የግራው ስፒከር ደከመ ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ገመዶቹን ሲያቀያይራቸው ግን ዘንበል ያለው ድምፅ ወደ ጠረጴዛው ስፒከር ተሻገረ፤ ስፒከሮቹ ደህና መሆናቸው ከዚያ ታወቀ። በማትሪክሱ ረድፍ ላይ ምንጩን በሁለቱም አቅጣጫ እንዲቆጥር የሚያደርገውን «ባይፖላር» የሚል ማብሪያ ሲነካው ኮርዱ ወደ መሐል ተመልሶ ተዘረጋ። ማብሪያው በሌለበት ሲንቴሳይዘር ላይ ደግሞ የፓኑን መነሻ ራሱን ወደ ግራ መሳብ ነው፤ በላይኛው ምሳሌ 47 በመቶ ወደ ግራ ቢሳብ መካከለኛው ዶ መሐል ይገባል።

እርምጃውን መወሰን ከዚህ የበለጠ ሐሳብ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሲንቴሳይዘሩ የሚያስበው ስለ 128 ኖታዎች ሲሆን ተጫዋቹ የሚነካው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። የምንጫወተው ከ48 እስከ 84 ያለውን ሦስት ኦክታቭ ነው እንበል። በሁለቱም አቅጣጫ በሚቆጥረው ምንጭ መሐሉ በ63 እና በ64 መካከል ስለሚውል፣ መጠኑ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት እንኳ አንድ ግማሽ ድምፅ የሚያስኬደው 1.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 48 የሚቆመው 24 በመቶ ግራ፣ 84 ደግሞ 32 በመቶ ቀኝ ላይ ነው፤ ጠባብም ነው፣ ሚዛኑንም ያልጠበቀ ነው። ኖታዎቹ ከ50 በመቶ ግራ እስከ 50 በመቶ ቀኝ እንዲዘረጉ ከተፈለገ መሐሉ 66 ላይ ሆኖ እርምጃው 2.8 በመቶ ያህል መሆን አለበት። መጠኑ ከዚያ በላይ የማይከፈት ከሆነ ያንኑ ምንጭና ያንኑ መድረሻ በማትሪክሱ ሁለተኛ ረድፍ ላይ መድገም ይቻላል፤ ሁለቱ ረድፎች ይደመራሉ፤ ከዚያ የፓኑን መነሻ ጥቂት ወደ ግራ በመሳብ ሚዛኑ ይስተካከላል። የምንጩን መስመር በእጅ ማጠፍ የሚያስችል ሲንቴሳይዘር ካለ ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ከ48 በታች ያለውን ሜዳ አድርጎ፣ በ48 እና በ84 መካከል መስመሩን አቁሞ መሳል ይበቃል።

እርምጃው የሚቆጠረው በግማሽ ድምፅ እንጂ በቅኝቱ ደረጃዎች አይደለም፤ በእኛ ሙዚቃ ይህ የሚሰማ ልዩነት ያመጣል። ከዶ የሚነሣ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ፣ በ2.8 በመቶ እርምጃ ኖታዎቹ ከ6 እስከ 8 በመቶ እየተራራቁ በእኩልነት ይቀመጣሉ ማለት ይቻላል። አንቺ ሆዬ ግን እንዲህ አይደለም። ከዶ ወደ ሬ ቤሞል አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ከዚያ ወደ ፋ አራት፣ ከፋ ወደ ሶል ቤሞል እንደገና አንድ ነው፤ ስለዚህ ኖታዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠጋጋሉ፣ በጥንዶቹ መካከል ደግሞ ሰፊ ክፍተት ይቀራል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ የቅኝቱ ጠባይ ራሱ በቦታ ላይ ተጽፎ መሰማቱ ደስ ይላል። ሆኖም እርምጃውን በጣም ያሰፋ ሰው አንቺ ሆዬ ላይ ዜማው ከጎን ወደ ጎን ሲዘል ስለሚሰማው፣ ለዚህ ቅኝት ከትዝታው ጠበብ ያለ እርምጃ እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የወፍራሞቹ ኖታዎች ጉዳይ ነው። 36 ቁጥር ኖታ 65 ሄርዝ ላይ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከ5 ሜትር ይበልጣል፣ ማለትም ከብዙዎቹ የመኝታ ክፍሎች ይረዝማል። እንዲህ ያለው ሞገድ በክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ስለሚሞላ፣ ከስፒከር ሲደመጥ ጎኑን መለየት አዳጋች ነው፤ በሄድፎን ሲደመጥ ደግሞ ቤዙ በአንድ ጆሮ ብቻ ሆኖ ጭንቅላትን ይጫናል። ከዚህም ሌላ ቤዝ ጉልበት ይበላል፤ ሁለት ስፒከሮች ሊሸከሙት የሚገባውን አንዱ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ድምፁን ቶሎ ያሰነጥቃል። በሸክላ ዘመንም ወደ ጎን የተገፋ ቤዝ የሸክላውን መስመር ወደ ላይና ወደ ታች እያናወጠ መርፌውን ሊያዘልል ስለሚችል፣ መስመሩን የሚቀርጹት ባለሙያዎች ቤዙን መሐል ማድረግን ልማድ አድርገውት ነበር።

መፍትሔው ወፍራሞቹን ኖታዎች በማትሪክሱ መስመር መሐል ላይ ማሰር ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን መስመሩ ከታች መሐል ሆኖ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ፣ እንደገና ወደ ቀኝ የሚወጣ ከሆነ፣ ከታች ተነሥቶ የሚወጣ ዜማ መሐል ጀምሮ ወደ ግራ ሸሽቶ ተመልሶ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ጆሮን ግራ ያጋባል። የተሻለው መንገድ መስመሩን ቀጥ አድርጎ መተውና፣ ከሲንቴሳይዘሩ በኋላ በትራኩ ላይ ከ120 ሄርዝ አካባቢ በታች ያለውን ብቻ ሞኖ የሚያደርግ፣ ማለትም በሁለቱም ጎን እኩል የሚያሰማ ፕለጊን ማስገባት ነው። በዚህ አሠራር የወፍራሙ ኖታ መሠረት መሐል ላይ ይቆማል፣ ከላዩ ያሉት ሃርሞኒኮች (ከመሠረቱ ጋር አብረው የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች) ግን ጎናቸውን እንደያዙ ይቀራሉ፤ አቅጣጫውንም ለጆሮ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሙዚቃው ወደ ሞኖ ሲጠቃለል የሚሆነው ነው። እኛ የምንሠራው በሁለት ስፒከር ወይም በሄድፎን ቢሆንም፣ ሥራው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሠርግ ድንኳን ውስጥ ወይም ከስልክ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በአንድ ስፒከር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፓን የሚሠራው የሁለቱ ጎኖች ጉልበት ድምር እንዳይለወጥ ሆኖ ነው፤ መሐል ላይ ያለ ድምፅ በሁለቱም ጎን 3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለቱ ጎኖች ወደ አንድ ሲደመሩ ግን መሐል የነበረው ጫፍ ላይ ከነበረው በ3 ዴሲቤል ይበልጣል። በሌላ አነጋገር፣ በስቴሪዮ የቦታ ልዩነት የነበረው በሞኖ የጉልበት ልዩነት ይሆናል፤ የዜማው መካከለኛ ኖታዎች ይጎላሉ፣ ዳርና ዳር ያሉት ይደክማሉ። ደግነቱ ይህ ጉዳት ከርቀቱ ጋር እኩል አያድግም። 50 በመቶ ጎን ላይ ያለ ኖታ በሞኖ የሚያጣው 0.7 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም በዜማ መካከል አይታወቅም። በዚያው 50 በመቶ ላይ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ7 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ቦታን በግልጽ ለማሳየት ከበቂ በላይ ነው። ከ50 በመቶ አለመራቅን የምመክረው ስለዚህ ነው፤ ቦታውን በርካሽ የምናገኘው እስከዚያ ድረስ ነው።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ ፒያኖ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ወፍራሙን በግራው፣ ቀጭኑን በቀኙ ስለሚሰማ ብዙ ሲንቴሳይዘሮችና የፒያኖ ናሙናዎች ይህንኑ ይከተላሉ። በተለመደው የኦርኬስትራ አቀማመጥ ግን ከአድማጩ በኩል ቫዮሊኖቹ በግራ፣ ቼሎዎቹና ኮንትራባሶቹ በቀኝ ይውላሉ፤ የስትሪንግ ድምፅ ከሆነ እርምጃውን በአሉታዊ ቁጥር መስጠት ይገባል። ክራርና በገና ደግሞ በሁለት ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠ አድማጭ ከአንድ ነጥብ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ አውታሮቻቸውን በቦታ መዘርጋት ፈጠራ ነውና በልኩ ሲሆን ያምራል።

የኖታው ቁጥር የሚታወቀው ቁልፉ ሲመታ ነው። ፒች ቤንድ የሚባለው የኪቦርዱ መንኮራኩር ድምፁን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያጥፈውም የኖታውን ቁጥር አይለውጠውም፤ ስለዚህ ፓኑን የሚያዘው የኖታው ቁጥር ብቻ በሆነበት ሲንቴሳይዘር ላይ ማሲንቆ መሰል ድምፅ በመንኮራኩሩ ሲንቀጠቀጥና ሲጠመዘዝ ቦታው አይናወጥም፣ ይህም የሚፈለግ ነው። ግላይድ፣ ማለትም ከአንድ ኖታ ወደ ሌላው መንሸራተት ሲሆን ግን ሲንቴሳይዘሮች ይለያያሉ፤ አንዱ ፓኑን ከተንሸራታቹ ድምፅ ጋር ያንሸራትተዋል፣ ሌላው ከአዲሱ ቁልፍ ጋር ወዲያው ያዘልለዋል። ሁለት ተራራቂ ኖታዎችን በረጅም ግላይድ ተጫውቶ ማዳመጥ የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ዩኒሰኑ (የአንዱ ኖታ ተደራራቢ ቅጂዎች) አስቀድሞ በግራና በቀኝ የተበተነ ድምፅ ደግሞ በፓን ቦታ አይይዝም፤ ሰፊ እንደሆነ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል እንጂ። ለዚህ አሠራር የሚስማማው ጠባብ፣ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ኦሲሌተር ድምፅ ነው። ከቮይሶቹ በኋላ የሚመጡት ኢፌክቶችም መፈተሽ አለባቸው፤ መግቢያው ሞኖ የሆነ ዲሌይ ወይም ሪቨርብ (የማሚቶ ኢፌክቶች) የተዘረጋውን ሁሉ መልሶ መሐል ይሰበስበዋል።

ይህን ለመሞከር ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ቫይታል የተባለ ሲንቴሳይዘር ነፃ ቅጂ አለው፤ «ኖት» የሚለውን ምንጭ በማውስ ጎትቶ የኦሲሌተሩ ፓን ላይ መጣል ይቻላል፣ የባይፖላር ማብሪያውና መስመሩን የሚያጥፈው ሠንጠረዥም በማትሪክሱ ገጽ ላይ ይገኛሉ። የፕሮግራም ኮዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ ክፍት የተደረገው ሰርጅ የተባለ ሲንቴሳይዘር ደግሞ የኪ ትራኩን መሐል ኖታ በቀጥታ እንድንመርጥ ስለሚፈቅድ የመነሻ ፓን ማስተካከሉን ያስቀራል። ቫይታል ላይ ከ«ኖት» ጎን በኦክታቭ ውስጥ ያለውን ቦታ ብቻ የሚቆጥር ሌላ ምንጭ አለ፤ በስሕተት እሱ ከተመረጠ እያንዳንዱ ኦክታቭ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ እንደገና ከግራ ስለሚጀምር፣ ከሲ ወደ ዶ ሲታለፍ ዜማው በድንገት ይሻገራል። ለየቮይሱ ፓን የሌለው ሲንቴሳይዘር ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ድምፅ በሦስት ትራኮች ጭኖ፣ ለእያንዳንዱ የኪቦርዱን አንድ ክፍል መድቦ፣ በሚክሰሩ ፓን ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ ደረጃው ሦስት ብቻ ስለሆነ ድንበሮቹ ላይ ዝላዩ ይሰማል፣ ለኮርድ ግን ያገለግላል።

በአንድ ቅንብር ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ድምፆች ሲገናኙ አቅጣጫቸውን ማቃረን ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ክራር መሰል ድምፁ ከ55 እስከ 72 ባለው ጠባብ ክልል የሚጫወት ከሆነ በ6 በመቶ እርምጃ ከግራ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ፓድ (ረጅምና ለስላሳ አጃቢ ድምፅ) ደግሞ በ1 በመቶ እርምጃ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ዜማው ሲወርድና ፓዱ ሲወፍር አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ስለሚውል አይጋረዱም። የሚቀረው ችግር ሁለቱም መሐላቸው አንድ ከሆነ ዘፋኙ በቆመበት ቦታ ላይ መገናኘታቸው ነው። ለዚህም የክራሩን መሐል ዘፋኙ አዘውትሮ ከሚያርፍበት ኖታ ሦስት ግማሽ ድምፅ ማራቅ ይበቃል፤ ክራሩ ያንኑ ኖታ ሲመታ 18 በመቶ ከመሐል ወጣ ብሎ ይቆምና ቦታውን ለዘፋኙ ይለቅቃል።